የእንግሊዙ ግጥም በአባባ ጉልበት

እሑድ፣ የካቲት 6 ቀን 1980፣ ደሴ

ከቀበሌ ስብሰባ እንደተመለስኩ ለተልእኮ ትምህርቴ የጻፍኩትን የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ድርሰት አወጣሁት። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «ይሄ የመጽሐፉ ሐሳብ ነው፤ ያንቺስ የታለ?» ብለው መልሰውልኛል። ነገ ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ሳልወርድ በፖስታ ካልላክሁት ኮርሱን መድገሜ ነው። ኒዮክላሲካል ስለሚባሉት የድሮ እንግሊዝ ገጣሚዎች ምን የራሴ ሐሳብ ይኖረኛል? ሁሉ ነገራቸው በልክ፣ ሁሉ ነገራቸው በሕግ። ለእኔ ደረቆች ናቸው።

ተናድጄ የአንዱን ግጥም በእንግሊዝኛ ጮክ ብዬ አነበብኩት። መስገጃቸው ላይ የተቀመጡት አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ጉልበታቸውን መምታት ጀመሩ፤ ለዱዓ በሚሰበሰቡበት ወዳጃ ላይ መንዙማ ሲያወጡ ድቤውን እንደሚመቱት።

«ይሄን መንዙማ ያወጡት ሸኹ ማን ይባላሉ?» አሉኝ።

«ሸኽ አይደለም አባባ፤ ድሮ የሞተ እንግሊዛዊ ነው።»

«ወላሂ፣ ድቤ ያውቃል! ልኩን ባይጠብቅማ ቋንቋውን የማላውቀው እኔ በምን እከተለው ነበር?»

ሳቅሁ። ከዚያ ስንኙን መልሼ አየሁት። ወዳጃ ላይ ያ ሁሉ ሰው አብሮ የሚቀበለው ለካ ያ ደረቅ ያልኩት ልክ ስለሚጠበቅለት ነው!

የመጀመሪያውን ገጽ ቀድጄ ድርሰቱን እንደገና፣ ድቤ በሆነው በአባባ ጉልበት ጀመርኩ። መምህሩ ምን እንደሚሉ እንጃ። አባባ ግን ለእንግሊዛዊውም ለድርሰቴም ዱዓ አደረጉ።

«አሚን» አልኩ፣ እስክሪብቶዬን በእጄ እንደያዝኩ።