ዲኒ የሚያድርበት አጥቢያ

ቅዳሜ፣ ኦገስት 26 ቀን 1911
ዝናቡ አባራ። ሁለት ማሰሮ የእንጆሪ ማርማላታ ሠራሁ። የዲኒን ማሊያም አጠብኩ። ነገ ፍጻሜ ነው። ታናሽ ወንድሜ ለኪልኖር አጥቢያ ሀርሊንግ፣ ይህን የአየርላንዳችንን የዱላና የኳስ ጨዋታ፣ ሲጫወት አሥራ አምስት ዓመቱ... አንድ ሜዳሊያ የለውም። ሠላሳ አራት ሞላው፣ ጉልበቱም ያመዋል። ነገ ካልሆነ መቼ?

እሑድ፣ ኦገስት 27
የወንዝ ማዶዎቹን ራትዳፎችን አሸነፍን! ዲኒ ሩሯን ከአየር ቀልቦ በዱላው ሲለጋት ግብ ጠባቂያቸው እስካሁንም አላያትም። የጎረቤቴ ልጅ ሞሪስ በትከሻው ተሸክሞት ዞረ። እንዴት ደስ ይላል...

ሐሙስ፣ ኦገስት 31
ምን ዓይነት ድፍረት ነው? ራትዳፎች አቤቱታ አስገቡ። ሰው የሚጫወተው ለሚያድርበት አጥቢያ ነው ይላል ደንቡ። ዲኒ ደግሞ ዊኒን ካገባ ወዲህ የሚያድረው ከወንዙ ማዶ፣ እነሱ ዘንድ ነው። ታዲያ ሁላችን ሰርጉ ላይ ጨፍረን የለ እንዴ? ማን አስቦት? ሜዳ ላይ ያጡትን በወረቀት ሊወስዱ!

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 9
ሴት አይገባም ብለው አቤቱታውን ከሚዳኘው የአውራጃ ጉባኤ መለሱኝ። በመስኮት ሰማሁ። ምስክራቸው ፖስተኛው ነው። በየማለዳው በዊኒ በር ላይ በሌሊት ልብሱ አየዋለሁ አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ዲኒን የት እንደሚያድር ጠየቀው።
“ሚስቴ ጋ” ብሎ ቁጭ አለ።
መዋሸት የማይችል ሞኝ! ዋንጫው ለእነሱ ሆነ። ያቃጠለኝ ግን የእኛዎቹ ናቸው። ስንመለስ አንድ ሰው እንኳ “አይዞህ” አላለውም። ጉልበቱን የጨረሰው ለማን ነበር?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 3
ዊኒ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ የራትዳፍ ቡድን ኃላፊ ፈርጉስ ሀኬት ባርኔጣውን ይዞ ገባ። ዲኒ ለከርሞ ለእኛ ይጫወትልን አለ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።
“አቤቱታውን የጻፍከው አንተ አይደለህም?”
“እኔ ነኝ፣ እትዬ። የእኛ ነው ብዬ አይደል የጻፍኩት?”
ዲኒ ሳቀ... ከጉባኤው ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እሺ እንዳይል ፈራሁ። እሺ አለ። ሳልሰናበታቸው ወጣሁ።

እሑድ፣ ኦገስት 25 ቀን 1912
ዘንድሮም ፍጻሜው ኪልኖርና ራትዳፍ። ከእኛዎቹ መሃል ቆምኩ፤ የት ልቁም? ዲኒ ገና ሜዳ ሲገባ “ከሃዲ፣ ሽማግሌ” የሚል ሰማሁ። ዞር ስል ሞሪስ ነው። ያ የተሸከመው!
“ሚስቱ ጋ ስላደረ ነው ከሃዲ? አንተ መጀመሪያ የምታገባህ ፈልግ” አልኩትና ሜዳውን ዞሬ ከራትዳፎች ጋር ቆምኩ። ሀኬት ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።
በአንድ ነጥብ በለጡ። በለጥን ልበል? የመጨረሻዋን ያስቆጠረው ዲኒ ነው፣ እያነከሰ።
ስወጣ ከኪልኖር ሰላም ያለኝ የለም። ለመጪው ቅዳሴ ማን አጠገቤ እንደሚቀመጥ አላውቅም። ይተዉት። ወንድሜ ሜዳሊያ አለው።