ተራራውን በግራ ይዘን

ገመቹዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ለመጨረሻ ጊዜ ደብዳቤ የጻፍኩልህ ጢቾ ጤና ጣቢያ ለስድስት ወር ተመድቤ ሳለሁ ነበር። ያኔም መልስ ለመጻፍ ሰነፍ ነበርክና አሁን ባትመልስልኝ አልቀየምህም።

የአሰላው ቤታችን ደህና ነው። የተከልከው ፖም ዘንድሮ አፈራ። ሰባት ፍሬ ብቻ፣ ያውም አፍ የሚያጣምም፤ አንተ ብትኖር ግን ጣፋጭ ነው ብለህ ድርቅ ትል ነበር። የደጃችን መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎበት ከጭቃ ተገላግለናል። ሰርቪሷን ከሳጉሬ ለመጣች ነርስ አከራይቻታለሁ፤ ከሥራ ስትመለስ ሰላም ሳትለኝ አትገባም። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበርህ ላይ አሁን እኔ ነኝ የምቀመጠው። የጭላሎ ተራራ ከዚያ እንዲህ አምሮ እንደሚታይ ያን ሁሉ ዓመት ደብቀኸኛል፣ አንተ ሰውዬ!

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ሌላ ነገር ቢያስጨንቀኝ ነው። ልጃችን ሌንሳ ቤቱ ይሸጥ ብላ ነበር። ሽጠነው እኔም አዲስ አበባ እሷ ጋ እንድገባ። አንድ ቀን ምድጃ ሳላጠፋ ገበያ መሄዴን ከሰማች ወዲህ ስልኳ አላስቀምጥ አለኝ። ልጅ ናትና ብትፈራ አልፈርድባትም። ያመመኝ ሌላው ነው፤ "እማዬ፣ አንቺ እኮ መንገድ የምታውቂው አባዬን ተከትለሽ ነው፤ ብቻሽን አትችይም" አለችኝ። ምን ልበላት? አንተ እጅህን ወደ ኋላ አጣምረህ ከፊት፣ እኔ ቦርሳዬን ይዤ ከኋላ፤ እንደዚያ አይደል የኖርነው።

ባለፈው ሳምንት እሷ ጋ ሰንብቼ ነበርና አንድ ቀን ምሳ እየበላን እንወራረድ አልኳት። ፒያሳ ታወርደኛለች። እኔ ታክሲ ሳልይዝ፣ ሰው ሳልጠይቅ፣ በእግሬ ለገሃር ያለው ቢሮዋ በር ላይ እስከ አስር ሰዓት እደርሳለሁ። ከደረስኩ የቤቱ ነገር ላይነሳ፤ ከጠፋሁ ደላላውን ትጥራ። መጀመሪያ የቀልዴን መስሏት ሳቀች። ኋላ ፊቴን አይታ እሺ አለች።

መንገዱን ለምን እንደመረጥኩት አንተ ታውቃለህ። በተጋባን በዓመቱ፣ በመንፈቅ ዓመት ዕረፍትህ፣ አዲስ አበባን እንያት ብለን የሄድነውን ሦስት ቀን ማለቴ ነው። የመምህርና የነርስ ደሞዝ ተደምሮ ከአውቶቡስ ቲኬት ብዙም ስላላለፈ ሕጉን አንተ አወጣህ፤ የምናየው ሁሉ በእግር፣ የምንበላው ከቤት በያዝነው። በቅቤ የለወስኩትን የገብስ ጭኮ በወተት ቆርቆሮ ጠቅጥቄ ያዝኩ። ማደሪያችን ለገሃር ጀርባ አጎትህ የሰጡን አንዲት ክፍል ነበረች። ስድስት ኪሎን፣ ሽሮ ሜዳን፣ መርካቶን በእግራችን አዳረስን። ሱቅ ደጃፍ ቆመን የማንገዛውን ካፖርት አማረጥን። መግቢያ የማይከፈልበት ቦታ ሁሉ የእኛ ነበር፤ አንተም የጂኦግራፊ መምህር ነህና አንድ ሐውልት ሳታስረዳኝ አላለፍክም። እግሬ ውሃ ቋጥሮ እንኳ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ፒያሳ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ገብተን ዞረብን። ብቅ ስንል እንጦጦ ታየህ። "ይኸው ጭላሎ!" አልክ እየሳቅህ። "ሃዳ ሌንሳ" እያልክ በሌንሳ እናትነት መጥራት ገና አልጀመርክም፣ ሌንሳም አልተወለደችም፤ በስሜ ጠርተህ፣ "አስቴር፣ ተራራውን በግራ ከያዝን ወደ ሳጉሬ አይደል የምንሄደው? ሳጉሬ ደቡብ፣ ለገሃርም ደቡብ። በይ ቀጥ ብለን እንሂድ" አልከኝ። አሰላ ላይ ልክ ነህ፤ ጭላሎ በምሥራቅ ነው። እንጦጦ ግን በሰሜን ነው። እሱን በግራ የያዘ ሰው ወደ ምሥራቅ ይነጉዳል። አራት ኪሎን አለፍን፣ ቀበናን ወረድን፣ ድልድዩን ተሻገርን፤ ለገሃር ያልነው ሰዎች መገናኛ ደረስን። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን የቀረችውን ጭኮ ስንበላ ራስህን ይዘህ ቀረህ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለተማሪዎችህ ተረክኸው። በተራራ አትመሩ፣ እኔ ተሳስቻለሁ እያልክ። እነሱም "ቲቸር መገናኛ" ብለው ስም አወጡልህ፤ ስሙ እስከ ጡረታህ አልለቀቀህም።

እና ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ሌንሳ ፒያሳ አወረደችኝ። ብታየው አታውቀውም። ድሮ የቆምንባቸው ሱቆች የሉም፤ የእግረኛው መንገድ ሰፍቶ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበታል። ያለክፍያ! አንተን አሰብኩና ትንሽ ተቀመጥኩ። የቸርችል ቁልቁለት ከፊቴ ነበር። እሱን የያዘ ሕፃን እንኳ ለገሃርን አይስተውም። ውርርዱ በእጄ ነበር ማለት ነው። አስር እርምጃ ያህል ከሄድኩ በኋላ ግን ቀና ስል እንጦጦን አየሁት።

ገመቹዬ፣ አልቻልኩም። ናፈቅከኝ። ተራራውን በግራ ይዤ ነጎድኩ። አራት ኪሎን አለፍኩ፣ በቀበና ቁልቁለት ጉልበቴን እየረገምኩ ወረድኩ። ጥላዬ ከፊት ከፊቴ ይሄድ ነበር፤ ብቻውን። መገናኛ ስደርስ የተቀመጥንባት ድንጋይ የለችም፤ የታክሲ ሰልፍና ድልድይ ብቻ ነው። ለሌንሳ ደወልኩላት። ፊቷ አመድ መስሎ ከች አለች። "አላልኩሽም? ይኸው ጠፋሽ!"

አልጠፋሁም አልኳት። ከዚያም ለአንተ እንኳ ያልነገርኩህን ነገርኳት።

የዚያን ጊዜም አውቄ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጥላችን ከፊታችን ሲሄድ፣ ያንተ ረዥሙ፣ የኔ አጭሩ፣ ወደ ምሥራቅ እየሄድን እንደሆነ ከፒያሳ ሳንርቅ ገብቶኛል። ዝም አልኩ። በማግስቱ አሰላ ልንመለስ፣ ከዚያ እኔ ለስድስት ወር ወደ ጢቾ ልሄድ ነበር። ለገሃር ከደረስን ያቺ ቀን አለቀች። መንገዱ እንዲረዝምልኝ ብዬ አሳሳትኩህ። በዚያ ምክንያት ዕድሜህን ሙሉ ተማሪ ሳቀብህ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ይቅር በለኝ።

ሌንሳ ከቦርሳዬ ያወጣሁላትን ጭኮ በልታ ጨረሰች። ቀጥላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"እማዬ፣ የጥላውን ነገር ማን ነው ያስተማረሽ?"

"አባትሽ" አልኳት። አልኳትና አፌ ሳይዘጋ ቀረ።

ውርርዱን ማን እንዳሸነፈ ሳንነጋገር ቀረን። ቅዳሜ አሰላ ስታደርሰኝ ግን ጊዜው ሲደርስ የሚጮህና ራሱ የሚጠፋ ምድጃ ገዝታ መጣች፤ የደላላውን ቁጥርም እፊቴ ከስልኳ ሰረዘችው። ስትሄድ፣ "በሚቀጥለው አብረን እንጠፋለን" አለችኝ።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ አንድ ነገር አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ሐውልት ሳታስረዳኝ ያላለፍከው ሰው፣ አራት ኪሎ ስንደርስ ያን የሚያህል ሐውልት እንዳላየ ሰው አለፍክ። አንዲት ቃል አልተናገርክም። እጄን ብቻ ያዝክ። እንደ ልማድህ ከፊት አልሄድክም፤ ጎኔ ነበርክ።

ገመቹዬ፣ አንተም አውቀህ ነበር እንዴ?

ጉልበቴ እስከፈቀደ ድረስ በየዓመቱ ፒያሳ እወርዳለሁ፤ ተራራውን በግራ ይዤ፣ ጥላዬን ከፊት አድርጌ። አንተም ካወቅክ አትንገረኝ፤ እስከ ዛሬ ዝም እንዳልከኝ ዝም በለኝ።

ያንተው ሃዳ ሌንሳ