ለሬኒየሙ ሰው ላክህ

አስመራ፣ ሐምሌ 1958 ዓ.ም.

ውድ ሙሐመድኑር፣

ሰላም ብዬ ልጀምር ወይስ ተቆጥቼ፣ ወላሂ ግራ ገብቶኛል። ስትጠብቀው የከረምከው ሬኒየም ክሎራይድ ከጀርመን መጣልህ። ምጽዋ ወደብ ላይ ስንት ወር እንደተኛ አላህ ይወቀው። አብረን በሠራንበት የኮሌጁ ቤተ ሙከራ ሳጥኑን የከፈትኩት እኔው ነኝ፤ ጣቴን የምታህል ብልቃጥ፣ አፏ በእሳት የተደፈነ፣ ውስጧ የጠቆረ ቡናማ ዱቄት። ለዚህች ነው ይህ ሁሉ ጭንቅ? አልኩ። ደስታዬን ግን መደበቅ አቃተኝ።

ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ወደ አዲስ አበባ ሲያዛውሩህ ፌርማታው ላይ ቆመን፣ "ዕቃው ሲደርስ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ፤ ያኔ አባትሽን አነጋግራለሁ" አልከኝ። ከዚያ ወዲህ የደሴው ጨርቅ ነጋዴ ጁማ ሽማግሌ ልኮብኛል። አባቴ "ምን እየጠበቅሽ ነው ልጄ?" ይለኛል። ምን ልበለው፣ ክሎራይድ?

ማክሰኞ የቤተ ሙከራው በር ሲንኳኳ አንተ መስለኸኝ ሮጬ ከፈትኩት። የቆመው ግን እሸቱ የሚባል የሥራ ባልደረባህ ነው። የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ዘርእዝጊ ብልቃጧን ሲያሳዩት፣ አንተ ያስሸመደድከውን ያነበንብልን ጀመር።

"እርጥብ አየር ካገኛት ትጨሳለች፤ ጭሷ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። ውሃ ጠብ እንዳይልባት። በጥጥ ጠቅልላችሁ ቆርቆሮ ውስጥ ክተቷት። መኪናው ላይ ከሞተሩ ትራቅ። ብረቱ በዓለም ብርቅ ነው፤ ከጠፋች ሌላ ማግኘት ዘበት ነው ብሏል።"

"ሌላስ ምን አለ?"

"በቃ፣ ይኸው ነው።"

"ስለ መድናስ?" አልኩት፣ የገዛ ስሜን ጠርቼ።

"መድና? እሱን አልነገረኝም። ሌላ ዕቃ ነው?"

አቶ ዘርእዝጊ ሳቁ፤ ፊቴን ሲያዩ ግን ዋጡት። "እወ፣ ሁሉም ወደ አዲስ አበባ! ፋብሪካው ሄደ፣ ሹመቱ ሄደ፣ አሁን ደግሞ ይህች!" ብለው በትግርኛ ቅላጼያቸው አጉረመረሙ። ለእኔ ብለው እንደሆነ ገባኝ።

ምን ብዬ ልመን? ታመህ ይሆን? ለእሸቱ መንገር አፍረህ ይሆን? ወይስ አግብተሃል? አንዱን ሳምን ሌላው ይመጣል። ሰው ለሴት ልጅ ሽማግሌ ይልካል፤ አንተ ለብልቃጥ ላክህ! ለእሷ ጥጡን፣ ቆርቆሮውን፣ ሞተሩን ሁሉ ስታስብ፣ ለእኔ አንዲት "እንዴት ነች" ጠፋችህ? ንድድ ብሎኛል። ደግሞ ናፍቀኸኛል። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሆኑ አላውቅም።

ለእሸቱ "ብልቃጧ በሐምሌ ዝናብ አትሄድም፤ መንገዱ ንጧት ከተሰነጠቀች እርጥበቱ ይጨርሳታል" አልኩት። አቶ ዘርእዝጊም "እወ፣ ልክ ናት" አሉ። ሐቅ ነው። ግን ስለ ሐቁ ይሁን አንተን ለማስመጣት፣ እኔው ራሴ አልለየሁትም።

ስለዚህ እሸቱ የሚያመጣልህ ይህን ደብዳቤ ብቻ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ለብልቃጧ የፈለግከውን ሰው ላክ፤ ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ። ለእኔ ግን ሰው እንዳትልክ፣ ራስህ ና። አባቴ ለጁማ ሽማግሌዎች እስከ መስከረም ታገሡ ብሏቸዋል። ያኔ ምን እንደምመልስ፣ ወላሂ ዛሬም አላውቀውም።

ያንተ ልበል አልበል የቸገራት፣
መድና