ስምንተኛው ቅሬታ

ለተከበሩ የአካባቢያችን የቤት ኪራይ ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤ ካሉበት።

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎንስ ተሻለዎት? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎት። ባለፉት አምስት ወራት ደጅዎን በጠናሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «ለወገባቸው ሐኪም ዘንድ ሄደዋል» ስትለኝ ስለኖረችና እኔም ሠላሳ ስምንት ዓመት በአዋላጅነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ስለሆንኩ፣ የታመመ ሰው ነገር ዛሬም ሆዴን ያባባዋል። ደግነቱ ኮትዎ አንድም ቀን ከሥራ ቀርቶ አያውቅም። በሄድኩ ቁጥር በወንበርዎ መደገፊያ ላይ ተንጠልጥሎ በትጋት ሲጠብቀኝ ስላገኘሁት፣ በዚህ አጋጣሚ ለእርሱም የከበረ ሰላምታዬ ይድረሰው።

ብዙ ባለጉዳይ ስለሚያስተናግዱ ዘንግተውኝ እንደሆነ ላስታውስዎት። እኔ የቤት ቁጥር ሃያ ሰባት ባለቤት ነኝ። በግቢዬ ኋላ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለስድስት ዓመት የተከራዩኝ አንዲት ልብስ ሰፊና ሽማግሌ አባቷ ነበሩ። የአባባ ዓይን ከጠፋ አራት ዓመት አልፎታል። ብርሃናቸው እየደከመ ሲሄድ ግቢዬን በእግራቸው አጠኑት፤ ከአልጋ እስከ በር ስድስት እርምጃ፣ ከበር እስከ ቧንቧ አሥራ አንድ፣ ከቧንቧ እስከ መጸዳጃ ቤት ዘጠኝ። ልጃቸው የደንበኛ ልክ ስትወስድ እሳቸው ማንንም ሳይጠሩ ወጥተው፣ ታጥበው፣ ፎጣቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው ይመለሳሉ። «እትዬ፣ እኔ አሁን የቀረኝ ሀብት ሰው ሳላስቸግር ፊቴን መታጠቤ ነው» ይሉኝ ነበር። እንግዲህ ከዚህ በታች የማነሳው ነገር ሁሉ፣ ዞሮ ዞሮ፣ ስለዚያ አሥራ አንድ እርምጃ መሆኑን ልብ እንዲሉልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ምስጋናዎቼን ለመዝገብ አያያዝ እንዲመችዎት በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩ኛ. የመጀመሪያውን ቅሬታ በፍጥነት ስላደረሱኝ አመሰግናለሁ። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ፣ የሰፈሩ ሰው «ጋሼ ሜትር» የሚላቸው፣ የልብስ ስፌት መኪናው ከምሳ በኋላ የሚያርፉበትን ግድግዳ ይደበድበዋል ብለው ለእርስዎ አመለከቱ። እውነታቸውን ነበር። ሄጄ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ብለጥፍ እኔንም አንገጫገጨኝ። ስለዚህ መኪናውን ወደ ማዶው ግድግዳ አዛወርን፣ ከእግሩ ሥር አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፈን አነጠፍን፣ ከምሳ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህልም በእጅ የሚሠራ ሥራ ብቻ እንዲሠራ ተስማማን። ነገሩ በአንድ ቀን አለቀ። መመሪያዎ ግን ለእያንዳንዱ ቅሬታ የጽሑፍ መልስ በሦስት ቅጂ ይቅረብ ስለሚል ጻፍኩ፤ ማኅተም ተመታበት፤ ገባ።

፪ኛ. ሁለተኛው ቅሬታ የልብስ ሰፊዋ ደንበኞች በር እየተሳሳቱ የጋሼ ሜትርን በር ያንኳኳሉ የሚል ነበር። ይህም እውነት ነው። አንዷማ ጨርቋን አስታቅፋቸው «አባባ፣ ለልጅዎ ይስጡልኝ፤ ወገቡ ጠበብ ይበል» ብላቸው ሄዳለች። ሰውየው በዕድሜ ዘመናቸው ያላገኙትን ልጅና ያልተማሩትን ሙያ በአንድ ጠዋት አግኝተው፣ ጨርቁን ታቅፈው በሬ ላይ ቆመው ሳያቸው ሳቄ አመለጠኝ፤ ለዚያ ሳቅ ዛሬም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቀስት ያለበት ሰሌዳ አሠርቼ ሰቀልኩ። መልስ ጻፍኩ፤ በሦስት ቅጂ፤ ገባ።

፫ኛ. ሦስተኛው የአባባ ሬዲዮ ነው። ጮክ ብሎ ነበር፤ አልክድም። በጆሮ የሚሰካ ማዳመጫ ገዛንላቸው፤ ሬዲዮው ዝም አለ። ያላሰብነው ነገር አባባ ማዳመጫውን እንደሰኩ ከዘፋኞቹ ጋር አብረው መዝፈን መጀመራቸው ነው። ድምፃቸው ደግሞ፣ ነፍሳቸውን ደስ ይበላትና፣ ከሬዲዮው የከፋ ነው። ለሬዲዮው የጽሑፍ መልሴን አስገባሁ፤ ስለ ዘፈኑ ግን ቀጣዩ ቅሬታ መቼ ይደርሰኝ ይሆን እያልኩ ስጠባበቅ ጋሼ ሜትር ራሳቸው በሬን አንኳኩ።

እዚህ ላይ ቁጥሬን ለጊዜው ላቋርጥ፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሆነው በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ቅጽ ላይ ቦታ የለውም።

ጋሼ ሜትር ሊቆጡ ነበር የመጡት፤ ጣታቸውን ከበሩ ጀምረው ቀስረውት ነበር። አባባ በዚያ ሰዓት ከቧንቧው ሲመለሱ ነበርና «ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ» ብለው በሩ ላይ ልክ ሲቆሙ ጎረቤቴ የቀሰሩትን ጣት ረሱት። ቀያሽ አይደሉ? ቤታቸው ተመልሰው ሜትራቸውን ይዘው መጡና መሬቱን ለኩት። የአባባ እርምጃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሦስት ጣት እንኳ አይበላለጥም። «እኔ ሠላሳ ዓመት በመሣሪያ ስለካ እንዲህ ጥንቅቅ ያለ ነገር አልሠራሁም» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወንበር ይዘው እየመጡ ከአባባ ጋር ዜና ይሰማሉ፤ ስለሚሰሙት ነገር ይጨቃጨቃሉ፤ ዘፈን ሲመጣም አንዱ ማዳመጫ በአንዱ ጆሮ፣ ሌላው በሌላው ጆሮ ሆኖ ሁለቱም ይዘፍናሉ። የጋሼ ሜትርም ድምፅ ከአባባ አይሻልም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለው ለካ ለዚህ ነው ብዬ እኔም በሬን ዘግቼ ጆሮዬን ይዤ ደስ አለኝ።

ወደ ቁጥራችን እንመለስ።

፬ኛ. ለቀረቡብኝ ቅሬታዎች «እስከ አሁን መልስ ያልሰጡበትን ምክንያት» እንዳስረዳ በፊርማዎ የጻፉልኝን ደብዳቤ በአክብሮት ተቀብያለሁ። ሦስቱ መልሶቼ ያሉት ያንን ደብዳቤ ከያዘው ከዚያው አቃፊ ውስጥ፣ ከእርሱ ሥር ነበር። አንድ ወረቀት ገለጥ ማድረግ ለታመመ ወገብ ከባድ መሆኑን ስለምረዳ፣ መልስ መስጠቴን የሚገልጽ መልስ ጻፍኩ። አራተኛ መልስ ሆነ።

፭ኛ. ጋሼ ሜትር፣ የድሮ ሥርዓት አዋቂ ሰው ስለሆኑ፣ የከፈቱትን ፋይል ራሳቸው ሊዘጉ አስበው ንጹሕ ወረቀት አውጥተው በሚያምር እጃቸው «ቅሬታዬን በሙሉ አንስቻለሁ፤ ተከራዮቹ መልካም ሰዎች ናቸው» ብለው ጽፈው አስገቡ። በሳምንቱ የእርስዎ ውሳኔ ደረሰኝ። «በአንድ ዓመት ውስጥ ከሰባት በላይ ቅሬታ የቀረበበት ተከራይ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቤቱን ይለቃል በሚለው መሠረት፣ በተከራዮችዎ ላይ ስምንት ቅሬታ ስለቀረበ…»

ስምንት! እኔ የማውቀው ሦስት ነው። ቁጥር ጠፋብኝ ወይስ እያበድኩ ነው ብዬ መዝገብ ቤትዎ ሮጥኩ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ መዝገቡን ገልጠው በጣታቸው እየጠቆሙ አሳዩኝ። ከአንድ እስከ ስምንት ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ሦስቱ የጋሼ ሜትር ቅሬታዎች ናቸው። አራቱ የእኔ መልሶች ናቸው። ስምንተኛው ቅሬታ፣ ቅሬታዬን አንስቻለሁ የሚለው ነው። እንዴት ተብሎ ስል ሠራተኛው ከልባቸው አዝነው «እትዬ፣ መዝገቡ ላይ ያለው ዓምድ የቅሬታ ቁጥር የሚል አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ የት ላስገባው?» አሉኝ። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ሲወለድ አይቻለሁ፤ መንታም ሦስትም አዋልጃለሁ። ወረቀት ያለምንም ምጥ ወረቀትን ሲወልድ ያየሁት ግን በእርስዎ ቤት ብቻ ነው።

ጋሼ ሜትር ይህን ሲሰሙ «ቅንድብ እኩላለሁ ብዬ ዓይን አጠፋሁ» አሉና፣ ወዲያው ወደ አባባ በር ዞረው አይተው፣ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

፮ኛ. ከኮትዎ ጋር ሳይሆን ከራስዎ ጋር ተገናኝቼ ለመነጋገር ስለበቃሁበት ያ ማክሰኞ እጅግ አመሰግናለሁ። በፈገግታ ነበር የተቀበሉኝ፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለውን ግን ያን ዕለት ረስቼው ነበር። ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁዎት፤ መዝገቡን አስመጣሁ፤ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋሁ። ራስዎን በሐዘኔታ ነቀነቁና፣ ቁጥር ቁጥር እንደሆነ፣ እርስዎም በቁጥር ላይ ሥልጣን እንደሌለዎት፣ ተቃውሞ ካለኝ ግን በጽሑፍ ማቅረብ መብቴ መሆኑን ነገሩኝ። እስክሪብቶዎንም አቀበሉኝ። ያን እስክሪብቶ ይዤ ምን ያህል እንደቆየሁ ያስታውሱ ይሆናል። ዘጠነኛ ቅሬታ ሆኖ እንዳይመዘገብ ፈርቼ ነው ጠረጴዛው ላይ መልሼ ያስቀመጥኩት። ያን ዕለት አልጮኽኩም። ዛሬ ግን እነግርዎታለሁ፤ ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ፤ ከመናደድም አልፎ አፍሬያለሁ። ሰው በቤቴ አጥር ውስጥ ተከብሮ እንዲኖር ያደረግኩትን መልካም ነገር ሁሉ በገዛ እጄ ጽፌ፣ በገዛ እግሬ አምጥቼ፣ ማባረሪያ እንዲሆን ያስቆጠርኩት እኔው ነኝ። ለመልሴ ሁሉ ፈርሜያለሁ።

ይህንንም ደብዳቤ ወደ ቢሮዎ በማምጣት ፈንታ በጋዜጣ ያወጣሁት በንቀት አለመሆኑን ይረዱልኝ። ጋዜጣ ላይ የእርስዎ ማኅተም አይመታም።

፯ኛ እና የመጨረሻው። ውሳኔዎ በተሰጠው ቀነ ገደብ ሙሉ በሙሉ መፈጸሙን ስገልጽልዎት በታላቅ ደስታ ነው፤ ያው ደስታ ይባል እንጂ። ተከራዮቼ ቤቴን ለቀዋል። የሄዱት ከግድግዳው ማዶ፣ ወደ ጋሼ ሜትር ኋላ ክፍል ነው፤ ውሳኔዎ ከቤት ቁጥር ሃያ ሰባት ይልቀቁ አለ እንጂ ሃያ ስምንት አይግቡ አላለም። ከሳሹ አከራይ ሆኑ። የስፌት መኪናው አሁን የሚደበድበው የእኔን የመኝታ ግድግዳ ነው፤ ይህን የምጽፈው በቅሬታ መልክ እንዳይደለ ግን አደራዎን።

ጋሼ ሜትር ሦስት ቀን ሙሉ ሜትራቸውን ይዘው ሲለኩ ሰነበቱ። ከአልጋ እስከ በር ስድስት እርምጃ እንዲሆን አልጋውን አዞሩት። ከበሩ ላይ ለአባባ መያዣ የሚሆን ገመድ አስረው እስከ ቧንቧው ዘረጉ። ሊስተካከል ያልቻለው አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የቧንቧው ርቀት። በዚያ ግቢ ከበሩ እስከ ቧንቧው አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ነው፤ ከመሬት ሥር የተቀበረ መስመር ደግሞ እንደ አልጋ አይዞርም። ለአባባ በደንብ ነግረናቸዋል፤ እሳቸውም እሺ ብለው ደጋግመው ቆጥረውታል። እግር ግን የለመደውን አይረሳም። በመጀመሪያው ጠዋት በአጥሩ ላይ አሻግሬ ሳይ፣ አባባ ፎጣቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው ወጡ። አሥራ አንድ ቆጠሩ። ቆሙ። ገመዱን ለቀው ጎንበስ አሉና ሁለት እጃቸውን አቀፍ አድርገው ዘረጉ፤ ውሃ የሌለበት ቦታ ላይ። ከዚያ፣ በስድስት ዓመት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ ልጃቸውን ተጣሩ።

የምጠይቅዎት ብዙ አይደለም። በመዝገብዎ ላይ በማስመሪያ አንዲት መስመር ያስምሩና ሁለተኛ ዓምድ ያውጡለት። ማስመሪያ ከሌለዎት ጋሼ ሜትር ያውሱዎታል።

ለወገብዎ ምሕረትን፣ ለመዝገብዎ ስፋትን፣ ለወንበርዎ ባለቤቱን እየተመኘሁ፣ በሦስት ቅጂ ከታጠፈ አክብሮት ጋር፣

የቤት ቁጥር ሃያ ሰባት ባለቤት፣
የቅሬታ ቁጥር ሁለት፣ አራት፣ ስድስት እና ሰባት ጸሐፊ

ግልባጭ፦ ለጋሼ ሜትር፤ ለንባብ እንጂ ለምዝገባ አይደለም።

ማስታወሻ፦ ገበሩ ተቀዶ በጸሐፊዎ በኩል ለልብስ ሰፊዋ የላኩት ኮትዎ ተሰፍቶ አልቋል። ቤት ስለቀየረች ሲመጡ በስህተት የእኔን በር እንዳያንኳኩ፤ ቀስቱን አዙሬዋለሁ። ልጅቱ እንደምትለው የኮቱ ክንድና ትከሻ ገና አዲስ ነው፤ ያለቀው ወንበሩን የሚነካው ጀርባው ብቻ ነው። አባባ በእጃቸው ዳስሰውት «ይህን ኮት ሰው ለብሶት አያውቅም» ብለዋል፤ እርስዎ እንደሚያውቁት እሳቸው ዓይን የላቸውም።