መድፍ የሌላት መርከብ

ልጄ ጣይባ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሀርጌሳም የጦርነቱን ፍርስራሽ እያነሳች ነው፤ የእኛም ቤት ግድግዳው ቆሟል፤ የቀረው ጣሪያው ነው።

እኔ ግን ተቆጥቼብሻለሁ። አባትሽ ምጽዋ ሳለ ያገለገለባትን የጦር መርከብ በክንድ ልክ አሳንሶ፣ ከዘይት ቆርቆሮ ሠርቶ ፎቶዋን ቢልክልሽ «መድፉን ረሳኸው» ብለሽ ጻፍሽለት። ስምንት ዓመት የወለወለውን መድፍ ይረሳል? ጎረቤታችን ሳህራ ሁለት ልጆቿን መድፍ የበላባት ናት። ውሃ ልትቀዳ ቤታችን ስትገባ እንዳታየው ብሎ ነው የተወው። አንቺ ስትጽፊ አፍሮ ለመርከቧ መድፍ ገጠመላት። ሳህራ አየችው፤ ባዶ ባልዲዋን ይዛ ወጣች። ይኸው ሳምንት ሆናት፣ ደጃችንን አልረገጠችም።

በይ ዛሬውኑ «መርከቧ ያለ መድፉ ታምር ነበር» ብለሽ ጻፊለት። እኔ ብነግረው አይሰማኝም፤ የገጠመው ለአንቺ ብሎ ነውና አንቺው አስነቅይው። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ልብም ይስጥሽ።

እናትሽ ሱዓድ