ለፎቶ የተሰጠን ፖስታ

ለሐይቅ ማዶ ኮሌጅ የተማሪዎች ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሀዋሳ

እጅግ የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባልደረቦችዎንና በግቢው በር ላይ አምስት ክረምት አልፎበት ቀለሙ ያልለቀቀውን ባነር ደኅንነት እጠይቃለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። አባቴም ደኅና ነው፤ ባነሩ ላይ በየቀኑ እያዩት ስለሚገቡ ይህን መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር።

የምጽፍልዎ ላመሰግን ነው። ምስጋናዬን ቁጥር ሰጥቼዋለሁ፤ ቁጥር የሌለውን ነገር መዝገብ ቤታችሁ እንደማይቀበል ስለማውቅ።

አንደኛ፦ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ግቢው ተዘግቶ ወደየቤታችን ስንበተን፣ መክፈል ላቃተን ተማሪዎች አስቸኳይ ድጋፍ እንደምትሰጡ በማስታወቃችሁ አመሰግናለሁ። ችግረኝነታችንን በቀበሌ እንድናስመሰክር ስላዘዛችሁም፣ አባቴ ደምሴ፣ በሚኖርበት በቱላ፣ ሦስት ጎረቤቶቹን አስከትሎ ቀበሌ ሄዶ፣ ድሃ መሆኑን ሲመሰክሩለት አጠገባቸው ቆሞ ሰምቷል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። አጣሪ ይመጣል በተባለበት ቀን የስፌት መኪናውን በጎረቤታችን በወይዘሮ ፈትያ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ደብቆ፣ እንግዳውን በባዶ ክፍል ተቀበለው። ሲዋሽ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የእናንተን ቅጽ ለመሙላት ነበር።

ሁለተኛ፦ በ2013 ጥቅምት፣ ግቢው ሲከፈት፣ ለርክክቡ ሥነ ሥርዓት ከነወላጆቻችን ስለጋበዛችሁን አመሰግናለሁ። ፎቶ አንሺያችሁ አባቴን፣ «አባባ፣ ማስክዎን ዝቅ ያድርጉት፤ ደስታዎ አልታየኝም» አለው። ማስኩን ራሱ ከዩኒፎርም ቁራጭ የሰፋው ነበር። ዝቅ አደረገው። የሰጣችሁንን ፖስታ አብረን ያዝን። እሱ በባጃጅ ወደ ቱላ ተመለሰ፤ እኔ ማደሪያዬ ገብቼ ከፈትሁት። ባዶ ነበር። ቢሯችሁ ሄጄ ብጠይቅ፣ «እሱ ለፎቶ ነው፤ ገንዘቡ በባንክ ይገባል» ተባልሁ። በሳምንት ውስጥ ይገባል ብዬ ለአባቴ ሳልነግረው ቀረሁ። ሳምንቱ እስካሁን አላለቀም። እኔ ግን ክፍያ ስላልከፈልሁ ከፋርማሲ ሦስተኛ ዓመት ወጣሁ።

ሦስተኛ፦ ከዚያ ፎቶ ሠርታችሁ በሩ ላይ የሰቀላችሁት ባነር። ስለ ባነሩ ብዙ ጽፌ ሰርዤዋለሁ።

አራተኛ፦ ባለፈው ወር እንደገና ልመዘገብ ስመጣ፣ ማኅደሬ ላይ «አስቸኳይ ድጋፍ ተደርጎላት በራሷ ፈቃድ ያቋረጠች» ተብሎ መጻፉን፣ እንዲህ የተጻፈባት ተማሪም እንደማትመለስ በትሕትና ስላስረዳችሁኝ አመሰግናለሁ። የራሴን ፈቃድ ከእኔ በፊት ማወቃችሁ አስደንቆኛል።

አምስተኛ አለ። ቁጥር ልሰጠው ግን አልቻልሁም።

አባቴ ያ ፖስታ ባዶ እንደነበር አያውቅም። ትምህርቱን ሳቋርጥ ገንዘቡን የት አደረግሽው አላለኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ መርፌው ላይ ክር እያስገባ፣ ቀና ሳይል፣ «ልጄ፣ ካንቺ የባሰ የቸገረው ሰው ገጥሞሽ ይሆናል፣ አይደል?» አለኝ። ዝምታዬን እንደ አዎ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ለጎረቤት ሁሉ የኔ ልጅ ሩኅሩኅ ናት ይላል። በደጃችን ለሚያልፍ ሁሉ ሲናገር እሰማለሁ፤ አንገቴን እደፋለሁ። አሁን ተነስቼ እውነቱን ብነግረው ያምነኝ ይሆን? አላውቅም። ባነሩ ላይ የእናንተ ማኅተም አለ። እኔ ማኅተም የለኝም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን ገንዘብ አልጠይቅም። የምጠይቀው አንድ መስመር ደብዳቤ ነው፤ ለእኔ ሳይሆን ለአቶ ደምሴ የተጻፈ፣ «ለልጅዎ የሰጠነው ፖስታ ባዶ ነበር» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት። ማኅደሬንም በዚያው ቀለም ቢያርሙልኝ፣ እስከዚያ ድረስ ባነሩን ሳያወርዱ ቢያቆዩልኝ ደስ ይለኛል፤ አባቴ ሲስቅ የተነሳው ሌላ ፎቶ የለንም።

የሚገባትን ሁሉ በፎቶግራፍ የተቀበለች፣ ለውለታችሁ መክፈያ ያጣች፣

ሩሐማ ደምሴ
ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ሀዋሳ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ የሚደርስዎ በዚያው በሰጣችሁኝ ፖስታ ነው። ከፍተው ካነበቡ በኋላ እባክዎ ይመልሱልኝ። ውስጡ የሆነ ነገር ሲገባበት ይህ የመጀመሪያው ነው።