ጨርቁን ያለበስኳት እኔ ነኝ

ጥቅምት 4

ቀኑ እንደ ወትሮው። ጠዋት ሶፋ መሥሪያ ሱቃችን ውስጥ ሁለት ወንበር ጨርቅ አልብሼ ጨረስኩ። ባሌ የደንበኛችንን የመምህሯን ሶፋ ሲመታ ዋለ። አፉ ሙሉ ሚስማር ነው፤ ስጠይቀው የሚመልስልኝ በቅንድቡ። ልጃችን ድንቡሼ ከስፖንጅ ቁራጭ አልጋ ሠርታ፣ አሻንጉሊቷን አስተኝታ፣ "ዝም በሉ፣ ልጅ ተኝቷል!" እያለች ትቆጣናለች። ሦስት ዓመት ከስምንት ወሯ ነው፤ ቁጣዋ ግን የአማት ነው።

ከሰዓት መምህሯ የሶፋቸውን ጨርቅ ሊመርጡ መጡ። አሥራ አንድ ዓይነት አስዘርግተው መልሰው የመጀመሪያውን ወሰዱ። ጨዋታ ይወዳሉ። "ከልጅነታችሁ ከሁሉ መጀመሪያ የምታስታውሱት ምንድን ነው?" አሉን። ባሌ ሚስማሩን ተፋና "የአባቴ ጫማ። አልጋ ስር ተደብቄ ሳየው" አለ። እኔ የበርሜሉን ነገርኳቸው። የጓሮው ሰማያዊ በርሜል... ጭንቅላቴ ወደ ታች፣ ውሃው አፍንጫዬ ውስጥ፣ ከዚያ ፀጉሬን ጭምድድ አድርጎ የሚያወጣኝ እጅ። ይኸው እስከ ዛሬ ፀጉሬን ስታጠብ ትንፋሽ ያጥረኛል።

መምህሯ ድንቡሼን አዩና "እሷም እንግዲህ መያዝ ጀምራለች። በዚህ ዕድሜ ያዩት ነው አንዳንዱ እስከ እርጅና የሚቀረው" አሉ። ደስ አለኝ። ምኑን ትይዝ ይሆን? የስፖንጅ አልጋዋን? የስፌት መኪናዬን ድምፅ?

ጥቅምት 6

ዛሬ መጻፍ አልችልም። ተገኝታለች። ደህና ናት።

ጥቅምት 7

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ያፍነኛል።

ትናንት አመሻሽ ላይ ባሌ ወንበሮቹን በፒካፕ ሊያደርስ ወጣ። ድንቡሼ ፒካፕ ካየች እኔን አታውቀኝም፤ ሁልጊዜ አብራው ትሄዳለች። ጥሩምባውን ሰማሁ... ሄደች አልኩ። እሱ ደግሞ ዛሬ ከናቷ ጋ ቀረች ብሏል። እንደ ልማዴ ጠረግሁ፣ አቧራ እንዳይነካው የመምህሯን ሶፋ ትልቁን ጨርቅ አለበስኩት፣ መብራት አጠፋሁ፣ የብረቱን በር ቆልፌ ወደ ቤት። ቤት ደርሼ እጄን ስታጠብ እሱ ገባ። ብቻውን።

"ድንቡሼስ?" አልኩት።

"ካንቺ ጋ አይደለችም እንዴ?"

ሮጥን። አንድ ጫማዬ መንገድ ላይ ቀረ። በራችን ሥር ተቀምጠው ጫማ የሚሰፉት ጋሼ "ምን ሆናችሁ? ምን ሆናችሁ?" ይላሉ፤ ማን ይመልስላቸው። ከፍቼ መብራት ሳበራ ማንም የለም። ከዚያ ጨርቁ ላይ የሆነ ጉብታ... ገለጥኩት። ኩርምት ብላ ተኝታለች። ያን ጊዜ ጮኽኩ። እንዴት ያለ ጩኸት! ብትት ብላ ነቃችና እሷም እሪ አለች።

ጨርቁን ያለበስኳት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። እንዴት ሳላያት? ጠርዙን ሳይቀር እኮ አስተካክያለሁ።

አርባ ደቂቃ። ጉንጯ እርጥብ ነበር። ላብ ነው? እንባ ነው? በመሃል ነቅታ፣ ጨለማ ሆኖባት፣ ጠርታኝ፣ አልቅሳ አልቅሳ ደክሟት እንደገና ተኝታ ቢሆንስ?

ጥቅምት 8

ባሌ "ተገኘች አይደል? በቃ" ይላል። ለሱ በቃ። እኔ ጆሮ ላይ ግን የመምህሯ ቃል ቀርቷል... እስከ እርጅና የሚቀረው። ከሁሉ መጀመሪያ የምትይዘው ይሄ ቢሆንስ? አርጅታ፣ አንድ ሰው ጠይቋት፣ "እናቴ ጨለማ ውስጥ ቆልፋብኝ ሄደች" ብትልስ?

ጠየቅኳት። "የኔ እናት፣ ያን ዕለት ሶፋው ላይ ነቅተሽ ነበር?"

"ብስኩት ስጪኝ" አለች።

ጥቅምት 11

ዛሬም ጠየቅኳት። ቀስ ብዬ፣ ፀጉሯን እያበጠርኩ። "ጨለማ ነበር?" ዝም። "አለቀስሽ?" ዝም። "እማዬን ጠራሻት?" ትንሽ አሰበችና "እም" አለች። እም ማለት ምንድን ነው? አዎ ማለት ነው?

ጥቅምት 15

ጠየቅኳት። ጨለማ ነበር አለች።

ጥቅምት 19

ጉድ ፈላ። መምህሯ ሶፋው የት እንደደረሰ ሊያዩ ብቅ አሉ። ድንቡሼ ማንም ሳይጠይቃት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "እማዬ ቆለፈችብኝ። ጨለማ ነበር። አለቀስኩ። በሩን ደበደብኩ፣ ደበደብኩ፣ ማንም አልመጣም!"

መምህሯ ዞር ብለው አዩኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ባሌ መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ የምሰፋው ስፌት ሁሉ ጠመመብኝ፤ ፈትቼ ተውኩት።

በሩን ደበደብኩ... አፈር ልብላ እኔ።

ጥቅምት 20

ጋሼን ጠየቅኳቸው። ያን ዕለት እስክንመለስ ድረስ ጀርባቸውን በራችን ላይ አስደግፈው ሲሠሩ ነበር።

"ጋሼ፣ በሞቴ እውነቱን ይንገሩኝ። በሩን ስትደበድብ አልሰሙም?"

"ምን? የደነቆርኩ መሰልኩሽ? አይጥ ብታልፍ እሰማለሁ። እንኳን መደብደብ፣ ሳል እንኳን አልነበረም። ብሰማ ኖሮ በመዶሻዬ አልሰብረውም ነበር?"

"እሷ ግን ደበደብኩ ትላለች።"

"እንግዲያስ ማን ነገራት?" አሉና ወደሚሰፉት ጫማ ተመለሱ።

ነፍሴ መለስ አለች። ተኝታ ነበር ማለት ነው! ግን... ማን ነገራት?

ጥቅምት 22

እሁድ። እታለም ቤት ሄድኩ። ታላቅ እህት ጥሩ ናት፤ ስትቆጣሽም ይቀልልሻል። ልብስ እያጣጠፈች ሁሉንም ሰማችኝ። "ይሄ ነገር አይለቃትም" አልኳት። "ከራሴ አውቀዋለሁ። የኔ በርሜል መቼ ለቀቀኝ?"

የያዘችው አንሶላ እጇ ላይ ቀረ። "የቱ በርሜል?"

"የጓሮው ነዋ። ሰማያዊው። የወደቅኩበት።"

ሳቋ መጣ። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "አንቺ! በርሜሉ ውስጥ የወደቅኩት እኮ እኔ ነኝ! አንቺ እማማ ሆድ ውስጥ ነበርሽ!"

"ውሃው አፍንጫዬ ውስጥ..."

"እኔ አፍንጫ ውስጥ! ድክ ድክ ስትጀምሪ ጓሮ ጓሮ እያልሽ ብታስቸግሪኝ ነው የነገርኩሽ። በየቀኑ። ውሃው እንዲህ አደረገኝ፣ እጁ እንዲህ ያዘኝ... እስክትፈሪ ድረስ።"

"እጁስ?"

"የአባባ። የያዘውም የኔን ፀጉር!"

ተናደድኩ። ሠላሳ ዓመት ተሸክሜው የኖርኩትን እንዴት የኔ ነው ትለኛለች? ሳልሰናበታት አኩርፌ ነው የወጣሁት። መንገድ ላይ ግን እግሬ ቆመ። በየቀኑ ነገረችኝ። ክፉ አላሰበችም፤ ስለ ፈራችልኝ ነው። እኔስ? ጨለማ ነበር? አለቀስሽ? ጠራሽኝ? "በሩን ደበደብሽ?" ብያታለሁ እኮ! ባለፈው ማክሰኞ፣ ጫማዋን ሳስርላት።

ማን ነገራት? እኔው።

ጥቅምት 23

አልጠየቅኳትም። ቀኑ አላልቅ አለኝ።

ጥቅምት 25

ሁለት ጊዜ አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ባሌ ሚስማሩን ከአፉ አውጥቶ "ምነው፣ ደህና አይደለሽም?" አለኝ። ነገርኩት። "በርሜሉ የእታለም ነው?" አለና ራሱን ያዘ። "የአባቴ ጫማስ የማን ሊሆን ነው?" ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ።

ግን ዘግይቼ ቢሆንስ? አንዴ ያስያዝኳትን አሁን በምን አስለቅቃታለሁ? ዝም ብል ይረሳታል? ወይስ ብቻዋን ይዛው ትቀራለች?

ጥቅምት 30

ነገ የመምህሯ ሶፋ ይሄዳል። ልንዘጋ ስንል ትልቁን ጨርቅ አነሳሁ። አሁን ከማልበሴ በፊት ሁሉንም በእጄ እዳብሳለሁ። ድንቡሼ መጥታ ቀሚሴን ያዘች።

"እማዬ፣ ለምን አትጠይቂኝም?"

"ምኑን?"

"ጨለማ ነበር በይኝ።"

ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ምን ልበላት? እውነቱን ነገርኳት። "ያን ዕለት ቆልፌብሽ የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ሳላይሽ። አጥፍቻለሁ። ስመጣ ግን ተኝተሽ ነበር። የፈራሁት እኔ ነኝ። የጮኽኩትም፣ ያለቀስኩትም እኔ።"

"አንቺ ነሽ ያለቀስሽው?"

"እኔ ነኝ።"

ፊቴን በደንብ አየችው። ከዚያ ወርዳ በሁለት እጇ ገፋችኝ። "ተኚ።" ተኛሁ። ጨርቁን እየጎተተች አለበሰችኝ፣ እስከ ፀጉሬ። ጠርዙን ሳይቀር አስተካከለች። ማስቲሽና አዲስ ጨርቅ ይሸታል። ይሞቃል። ባሌን "ዝም በል፣ ልጅ ተኝቷል!" ስትለው ሰማሁ። መዶሻው ዝም አለ።

ቆየችና ገለጠችኝ። ፊቷን ፊቴ ላይ አስጠግታ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች።

"ነቅተሽ ነበር?" አለችኝ። "አለቀስሽ? ጠራሽኝ?"

"ብስኩት ስጪኝ" አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። ሮጣ ሄዳ አመጣችልኝ።